በሩ ምን አጠፋ?

ቦሌ በኩል ቪላ የሠራ ወዳጅ አለኝ። ክረምት ሲገባ የመኝታ ቤቱ በር እምቢ ይላል፤ በትከሻ መግፋት ነው። በጋ ላይ ደግሞ ራሱ ይለቃል። ሦስት ጊዜ አናጺ ጠርቶ በሩን አስላገ። በሩ ምን አጠፋ? ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው ከሥር ያለው ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰበሰብና የከብት ሰኮና የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ፎቅ ቢሆን ክብደቱ ትንሽ ይጫነው ነበር። ቪላና አጥር ግን ቀላል ናቸው፤ አፈሩ እንደፈለገ ያነሳቸዋል።

ቤቱ ሲጀመር ግንበኛው "ጥቁር ነው፣ ትንሽ ቆርጠን ሰሌክት እንሞላለን" ብሎ ነበር፤ ሰሌክት ማለቱ ተመርጦ የሚመጣ ሙሌት ነው። ቀይ ቢሆን ኖሮ "ቀይ ነው፣ አታስብ" ይለው ነበር። እኛ ጋ አፈር የሚመደበው በዓይን ነው።

ሙያው ግን ቀለም አይጠይቅም። የአፈር መሐንዲሱ አርተር ካሳግራንዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ያወጣው አመዳደብ ዛሬም ይሠራበታል። አፈሩ ቀዳዳው 0.075 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋል። ግማሽና ከዚያ በላይ ካለፈ ደቃቅ ነው። ከዚያ በውሃ ይፈተናል፦ ምን ያህል ውሃ ሲይዝ መፍሰስ ይጀምራል? ምን ያህል ሲቀረው ነው እንደ ክር ተሽቶ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ላይ ሲደርስ የሚሰባበረው?

ክሩን እናንተም ሞክሩት። እርጥቡን አፈር በመዳፋችሁ እያሻችሁ አቅጥኑት። ዋልካ ሳይበጠስ ይረዝማል፤ በቢላ ስትቆርጡት ያብረቀርቃል። የደረቀ ጓሉን ደግሞ በጣት ለመስበር ታገሉ፤ ጣታችሁን ያማችኋል እንጂ አይሰበርም።

ቅሬታዬ ግን ላብራቶሪውም ላይ ነው። የአዲስ አበባ ቀይ አፈርም ብዙ ጊዜ በዚህ ፈተና ከጥቁሩ ጋር አንድ ምድብ ይገባል፤ በመንገድ ሠሪዎች አጠራር ሁለቱም "ኤ-7"፣ ማለትም ሸክላማ አፈር፣ ሊባሉ ይችላሉ። ጸባያቸው ግን ለየቅል ነው። ጥቁሩ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል፣ ውሃን በንብርብሮቹ መሃል እያስገባ የሚነፋ ማዕድን በብዛት አለው። ቀዩ በአብዛኛው እንደዚያ አያብጥም። "አብዛኛው" ላይ ቤት መሥራት ግን ቁማር ነው።

ስለዚህ ሪፖርት ስትቀበሉ ምድቡን ብቻ አትዩ፤ የእብጠት ፈተናውን ጠይቁ። እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም። 10 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ደረቅ የተነፋ አፈር ውሃ በተሞላ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ አፈሩ የያዘው መጠን ከ24 ሰዓት በኋላ ይነበባል። 15 ከደረሰ መጠንቀቅ ነው። 20 ካለፈ መሐንዲስ ሳይጠሩ መሠረት መቆፈር የለም። "ጎረቤት አስፈትኗል" የሚባለውንም ተዉት፤ ከዳገቱ ወደ ሜዳው ስትወርዱ አፈሩ ይለወጣል።

ወዳጄ አሁን አጥር ሊያሠራ ነው። ያው ግንበኛ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አደረገና "ይሄኛው እንኳ ብዙም አልጠቆረም" አለ።