ነጋዴውን ከካርታው አታጥፉት

በታሪካዊ የስትራቴጂ ጌሞች ውስጥ እንደ ነጋዴው የሚናቅ ገጸ ባሕርይ የለም። ሰይፍ አይዝም፣ ግንብ አያፈርስም፣ ፈረሰኛ ሲመጣበት ከመሸሽ ሌላ መላ የለውም። ብዙ ተጫዋቾች እሱን በየዙሩ ማንቀሳቀስ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ጌም ሠሪዎችም እየሰሟቸው ከካርታው ያነሱታል፤ በቦታው አንድ መስመርና አንድ የገቢ ቁጥር ይቀራል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት ነው የማየው። ሁሉም ጎረቤቱን ለመደምሰስ በሚሽቀዳደምበት ጨዋታ ውስጥ፣ ጎረቤቱ ቢጠፋ የሚከስር ከነጋዴው በቀር ማን አለ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን እንውሰድ። በቡድን የሚካሄድ ጨዋታ ሲረዝም የወርቅ ማዕድኑ ተቆፍሮ ያልቃል። ወርቅ ከሌለ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛም ሆነ መድፍ ማሠራት አይቻልም፤ በእህልና በእንጨት ብቻ የሚገኙት ባለ ጦር እግረኞችና ቀላል ፈረሰኞች ይቀራሉ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ንግድ ጋሪዎቹ ይዞራል። ጋሪው ከራሱ ገበያ ተነሥቶ የሌላ ተጫዋች ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሁለቱ ገበያዎች በተራራቁ ቁጥር የሚያመጣው ወርቅ ይበዛል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ገበያውን ከአጋሩ አርቆ ካርታው ጥግ ላይ ይተክላል፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ለአደጋም ይጋለጣል። ጥቂት የጠላት ፈረሰኞች በግንቡ ቀዳዳ ሾልከው እዚያ መስመር ላይ ከደረሱ ጋሪዎቹ አንድ በአንድ ይሰባበራሉ፤ በግንባር ያለውም ሠራዊት ብዙም ሳይቆይ ተተኪ ያጣል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ደንብ ነው። ጌሙ በራስህ ሁለት ገበያዎች መካከል እንድትነግድ አይፈቅድም። ጋሪው ይሠራ ዘንድ የግድ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ የአጋርህ ገበያ ከፈረሰ ጋሪህ መድረሻ የለውም። የማሸነፊያው ዋና መንገድ ሌላውን ማጥፋት በሆነበት ጨዋታ ውስጥ ይህን ደንብ ያስገባው ሰው ነጋዴ ምን እንደሆነ ገብቶታል።

በ2006 የወጣው ሜዲቫል 2 ቶታል ዋር ነጋዴውን ሰው አደረገው። ስም አለው፣ በሥራው ይካናል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ሐር፣ ወርቅ ወይም የዝሆን ጥርስ ወዳለበት ቦታ ሄዶ እዚያ ይሰፍራል፤ ከዋና ከተማው በራቀ መጠን ገቢው ከፍ ይላል። የአውሮፓ ነገሥታትን ይዘው የሚጫወቱ ሰዎች ነጋዴዎቻቸውን ሰሃራን አሻግረው እስከ ማሊዋ ከተማ ቲምቡክቱ የሚልኩት ለዚህ ነው። ይህ ደግሞ ከታሪክ ጋር ይገጥማል። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ ላይ የበተነው ወርቅ በከተማዋ የወርቅን ዋጋ አውርዶት ነበር። በ1375 አካባቢ የተሠራው የካታላን አትላስ የተባለው የዓለም ካርታም ሙሳን ዙፋን ላይ ተቀምጦ የወርቅ እንክብል በእጁ ይዞ ያሳየዋል። ብዙ ዙር ተጉዞ እዚያ የሚደርስ ነጋዴ ተጫዋቹን ከአውሮፓ ውጭ ያለ ዓለም እንዲያይ ያስገድደዋል፤ ሠራዊቱ እዚያ ድረስ ላይሄድ ይችላል።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በዚህ ጌም ነጋዴ ተቀናቃኝ ነጋዴን ሲያገኝ ንብረቱን ሊወርስ ይሞክራል። የመሳካት ዕድሉ በመቶኛ ይታያል፣ የተሸነፈው ከካርታው ይጠፋል። ነጋዴው እንዲህ ሲሆን ሰይፍ የሌለው ወታደር ሆነ፤ ተጫዋቹም እሱን ይዞ የሚያስበው የማንን ነጋዴ ላጥፋ ብሎ ነው። መዋዋል የለ፣ ሽርክና የለ፣ ዱቤ የለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኢምፓየር ቶታል ዋር ሲወጣ ነጋዴው ከነጭራሹ ቀርቶ ቦታውን የንግድ መርከቦች ያዙት። አሰልቺ ነበር ለሚሉኝ እስማማለሁ፤ አንድ ቦታ ተጎልቶ በየዙሩ ጥቂት ፍሎሪን፣ ማለትም የጌሙን ገንዘብ፣ የሚልክ ሰው ያሰለቻል። ግን ሥራ ሳይሰጡት ሰነፍ ነው ብሎ ማባረር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ደግሞ ነጋዴውን የቧንቧ ጠባቂ አድርጎታል። ተጫዋቹ ወደ አንድ የንግድ ማዕከል ይልከዋል፤ እሱም እዚያ ገቢ ይሰበስባል ወይም ሀብቱን ወደሚቀጥለው ማዕከል ይገፋል። የፍሰቱ አቅጣጫ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ማብቂያዎቹ ቬኒስ፣ ጄኖቫና የእንግሊዝ ቻናል ናቸው። ይህን በቸልታ ማለፍ አልችልም። በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ ፖቶሲ ላይ በ1545 ከተገኘው የብር ማዕድን ጥቂት የማይባለው በአውሮፓ በኩልም ሆነ ወደ ፊሊፒንሷ ማኒላ በሚሄዱ መርከቦች ተጉዞ ቻይና ገብቷል፤ ሐርና ሸክላ ለመግዛት። በእውነተኛው ዓለም ሀብትን ወደ ራሱ የሚስብ ገበያ በምሥራቅም ነበረ። ነጋዴው የቻይና ሰው ቢሆን እንኳ በጌሙ ውስጥ ያን ወንዝ ወደ አገሩ መመለስ አይችልም።

የጥንቱ ነጋዴ ምን ይሠራ እንደነበር የሚነግረን ማስረጃ ሞልቷል። በካይሮ አንድ ምኩራብ ውስጥ ተከማችተው የተገኙት፣ ገኒዛ የሚባሉት ጽሑፎች መካከል የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ደብዳቤዎች አሉ። የየወደቡን ዋጋ፣ የመርከቦችን መድረስ፣ የሸሪክን ታማኝነት ይጻጻፋሉ፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የሌላውን ዕቃ በአደራ ተቀብሎ ይሸጥለታል። ብድርማ ጦር ያዞራል። አራተኛው የመስቀል ጦርነት ሲዘጋጅ ዘማቾቹ ቬኒስ ለምታቀርበው መርከብና ስንቅ 85,000 ማርክ ብር ሊከፍሉ ተዋዋሉ፤ መክፈል ሲያቅታቸው በ1202 ለቬኒስ ሲሉ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ያለችውን የዛራን ከተማ ወጉ። በ1204 ቁስጥንጥንያ ስትዘረፍ የቬኒስ መሪ (ዶጄ) ኤንሪኮ ዳንዶሎ አብሯቸው ነበር። የትኛው ጌም ነው በዕዳ ምክንያት ሠራዊቴ መንገድ እንዲቀይር የሚያስገድደኝ?

ሲቪላይዜሽን 6 ወደዚህ ትንሽ ተጠግቷል። ነጋዴው በሄደበት ሁሉ ከኋላው መንገድ ይዘረጋል፤ ወደ ሌላ አገር የንግድ መስመር ሲከፈትም ስለዚያ መንግሥት የሚሰማው ወሬ ይጨምራል። ጦርነት ሲታወጅ መስመሩ ይቋረጣል። ወሬው ግን ተጫዋቹ አንብቦ የሚዘጋው አጭር መልእክት ነው፤ ምን ያህል እንደሚታመን አይታወቅም።

እኔ የምጠይቀው ነጋዴው ሰይፍ እንዲታጠቅ አይደለም። ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደብዳቤውም ዘግይቶ ይድረስ፣ አንዳንዴም ይሳሳት። ለንጉሡ ያበድር፣ ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር በሩን ይዝጋበት፣ ሸሪኩም ለተቀናቃኙ ንጉሥ ያበድር። በባዕድ ከተማ ሚስት ያግባ፣ መጋዘን ይሥራ፣ የአገሩን ቋንቋ ይልመድ። ከዚያ እኔ ያቺን ከተማ ለመክበብ ሠራዊት ሳሰልፍ፣ ጌሙ የግንቧን ጥንካሬ ከማሳየቱ በፊት በውስጧ የሚኖሩትን ነጋዴዎቼን ስም፣ በእጃቸው ያለውን አደራና ከተማዋ ለእነሱ ያለባትን ዕዳ ያሳየኝ።