ይድረስ የተፎካካሪያቸውን ቤተሰብ እጅግ ለሚያከብሩ ክቡር እጩ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ እንዴት ነው? የተፎካካሪዎን ቤተሰብ ደኅንነት ግን አልጠይቅዎትም፤ ስለ እነርሱ አዲስ ነገር ሲኖር ሳንጠይቅ ስለሚነግሩን።

ይህን የምጽፍልዎት ባለፈው ሐሙስ ማታ በመራጮች መድረክ ላይ ለዋሉልኝ ውለታ ነው። እንደማንኛውም መራጭ ተሰልፌ፣ መታወቂያ አሳይቼ፣ ቦርሳዬን አስፈትሼ፣ ጥያቄዬን በዚያ ሁላችንም በምናውቀው ባለ ሁለት መስመር ቅጽ ላይ ጨምቄ አስገብቼ ነበር። ጥያቄዬ እናቴ የቀዶ ሕክምና ተራዋን ስለምትጠብቅበት ወረፋ ነው። እርስዎ ቢመረጡ ወረፋውን በምን ያሳጥሩታል? የሚል፣ ለቅኔም ለዘረፋም የማይመች ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ስሜ ተጠራ፤ ቆሜ ጠየቅሁ። እርስዎም አንገትዎን ዘንበል አድርገው፣ ሐዘኔታ በተሞላ ድምፅ፣ «የቤተሰብን ነገር ስላነሡ አመሰግናለሁ» አሉ።

እናቴን ሊያነሡ ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ወደ ካሜራው ዞረው፣ «ከቤተሰብ ካልቀረ፣ የተፎካካሪዬ እህት ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ በበኩሌ እጅግ የማከብራቸው ሰው ናቸው» አሉ። ሁላችንም አናውቅም ነበር። አሁን እናውቃለን።

ሴትየዋ ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ካሜራ ያነገተው ልጅ የሰው ጉልበት እየረገጠ መጥቶ ፊታቸው ላይ ተተከለ። ከኋላዬ አንዱ «የቷ ናት? ባለ ሰማያዊዋ ናት?» ሲል ሰማሁ። እሳቸው በእጃቸው የያዙትን የመርሐ ግብር ወረቀት ለሁለት አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት፤ የሚታጠፍ ወርድ እስኪያጣ ድረስ አጣጠፉት። ቀና ብለው ማንንም አላዩም። እኔ ደግሞ ማይክሮፎኑን ይዤ እንደ ቆምሁ ነኝ። አስተናጋጁ ከእጄ እስኪነጥቀኝ ድረስ የቆምሁት መልስ ይመጣል ብዬ ነው። አወያይዋ «ተከታይ ጥያቄ አይፈቀድም» አሉ፤ የእርስዎም ሁለት ደቂቃ አለቀ።

በማግሥቱ ያ ቪዲዮ ከየስልኩ ሲወጣ ጥያቄዬ ተቆርጦ ቀርቷል። የቀረው የእርስዎ ንግግር፣ የሴትየዋ ፊት፣ ከኋላቸውም ማይክሮፎን ጨብጦ የቆመ አንድ ሰው ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ስለ ሰውየው እህት የጠየቅኸው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። እናቴም ደውላ፣ «ልጄ፣ የሰው ገመና ምን አገባህ? ስለ እኔ እጠይቃለሁ አላልህም ነበር?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፤ ለእርስዎ ቢላ እጀታ የሆንሁት በነጻ ነውና፣ ቢያንስ በዘመቻው የወጪ ሰነድ ላይ በዓይነት የተደረገ ድጋፍ ተብዬ እንድመዘገብልዎ በትሕትና አመለክታለሁ።

ዘዴው የእርስዎ ፈጠራ አለመሆኑን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የምርጫ ክርክር የዴሞክራቶች የምክትል ፕሬዝዳንትነት እጩ ጆን ኤድዋርድስ ተፎካካሪያቸውን ምክትል ፕሬዝዳንት ዲክ ቼኒንና ባለቤታቸውን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ልጃቸውን ስለ መውደዳቸው አመሰገኗቸው፤ ቼኒም ለመልስ የተፈቀደላቸውን ጊዜ ትተው፣ ስለ በጎ ቃልዎ አመሰግናለሁ ብለው ዝም አሉ። በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 13 ቀን ቴምፔ፣ አሪዞና ውስጥ፣ በፕሬዝዳንት እጩዎቹ ክርክር፣ አወያዩ ቦብ ሺፈር ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነት ሰው በፈቃዱ የሚመርጠው ነገር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ አላውቅም አሉ። ተፎካካሪያቸው ጆን ኬሪ ሁላችንም የእግዚአብሔር ልጆች ነን ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ የዲክ ቼኒን ልጅ ብታነጋግሯት ሆና የተወለደችውን እንደሆነች ትነግራችኋለች አሉ። እናትየዋ ሊን ቼኒ ርካሽ የፖለቲካ ተንኮል ነው ሲሉ፣ ኬሪ በጎ ነገር መናገሬ ነበር አሉ። በዚያው በጎ መልሳቸው ውስጥ ግን ጋብቻ የወንድና የሴት ነው በሚለው ከቡሽ ጋር እንደሚስማሙም ተናግረዋል። ስለዚህ ያች በመድረክ የተነሣች ልጅ፣ መድረኩ ላይ ከቆሙት ከሁለቱ በአንዱም ዘንድ የማግባት መብት አልነበራትም። በኖቬምበር 2 ምርጫም የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚያግድ ድንጋጌ በ11 ግዛቶች ለድምፅ ቀርቦ በ11ዱም አለፈ።

ያችው ልጅ፣ ሜሪ ቼኒ፣ የአባቷ ዘመቻ ባልደረባ ነበረች፤ አባቷም ራሳቸው ቀደም ብለው በአደባባይ አንሥተዋት ነበር ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አባት ስለ ልጁ ሲናገር ቢያንስ ማታ ቤት ገብቶ ፊቷን ያያል፤ እርስዎ ግን ሐሙስ ማታ በኋለኛው በር ነው የወጡት። ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ማንሣት ጨርሶ ክልክል ይሁን የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ታላቅ እህቷ ሊዝ ለዋዮሚንግ የሴኔት መቀመጫ ስትወዳደር የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን እንደምትቃወም ተናገረች፤ ሜሪና ባለቤቷም በፌስቡክ፣ በገዛ ስማቸውና በገዛ አፋቸው፣ አደባባይ መለሱላት። ሐሙስ ማታ ፊታችን የተቀመጡትን ሴት ግን ማን ጠየቃቸው? ሥራ ቦታቸው ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም? የቤት አከራያቸውስ? በማግሥቱ ወደ ሥራ በየትኛው መንገድ ሄዱ? ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ለማወቅም አልሞከሩም፤ ያወቁት አንድ ነገር ቢኖር በየትኛው ረድፍ እንደሚቀመጡ ነው። ይህ ነውር ነው። አከብራለሁ የሚል ቃል ስለተቀባበት ነውርነቱ አይቀንስም፤ ተሳዳቢውንስ ተሳደበ ብለን እንከሰዋለን፣ እርስዎን ግን በምን እንክሰስዎ? በአክብሮት?

የሚያከብሩ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች ከሥራና ከቤት እንዳይባረሩ የሚከላከል ሕግ ሲቀርብ ምን ድምፅ እንደሰጡ ለሕዝቡ ይናገሩ። ለዚህ ማይክሮፎን የሚይዝ ሌላ ሰው አያስፈልግዎትም፤ ሁለት ደቂቃውም ይተርፍዎታል።

ከሰላምታ ጋር
በቪዲዮው ላይ ከኋላ የቆመው ሰው

ግልባጭ፦
ለተፎካካሪዎ፤ በማግሥቱ መግለጫ ጠርተው «ቤተሰቤ ቀይ መስመሬ ነው» ስላሉ። ያ ሕግ በቀረበ ዕለት ግን ከአዳራሹ ወጥተው ነበር።