ቶኑ የጣቢያ መታወቂያ አይደለም

ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ሆነህ በስካነርህ (የሬዲዮ ጥሪዎችን በምታዳምጥበት መሣሪያ) በ46 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሰማኸውን የእሳት አደጋ ጥሪ «ቶኑ 156.7 ኸርዝ ስለሆነ የጎረቤታችን ካውንቲ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። ቶን ማለት ከንግግሩ ሥር አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ሥራውም የሌሎች ተጠቃሚዎች ድምፅ ሲመጣ ሬዲዮው ዝም እንዲል ማድረግ ብቻ ነው። የተለመዱት ቶኖች 50 ገደማ ስለሆኑ በየግዛቱ ያሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አንዱን ቶን ይጋራሉ።

ጥርት ብሎ መሰማቱም አያሳምንህ። በተለይ በጁንና በጁላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በኤሌክትሪክ የተሞላ ስስ ንብርብር ድንገት ይፈጠርና ከ30 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ያኔ 1,500 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጣቢያ አጠገብህ ያለ ይመስላል፤ ብዙም ሳይቆይ እልም ይላል።

ስለዚህ ንግግሩን አዳምጥ፦ የመንገድ ስም፣ የሆስፒታል ስም፣ የአውራ ጎዳና ቁጥር። ጥሪ አስተላላፊዋ የምትናገረው ሰዓት ካንተ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ከቀረ፣ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛው (ሴንትራል) የሰዓት ቀጠና ይጠቁምሃል። በኬ ወይም በደብሊው የሚጀምር የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ፊደላትና ቁጥሮች) በድምፅ ወይም በሞርስ ከያዝክ ደግሞ በኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የፈቃድ መዝገብ ፈልገው፤ የባለፈቃዱን ስም ታገኛለህ። እባክህ ይህን ሳታጣራ «እሳት ተነሳ» ብለህ ለሰፈሩ ሰው አታሰራጭ፤ እናቶች በከንቱ ይደነግጣሉ።