ይድረስ ለተከበሩ አቶ ስውር ኮሚሽን

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የ640 ፓውንድና የአንድ ድፎ ዳቦ ተመላሽ መጠየቅን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ አቶ ኮሚሽን። እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ ደህንነት እንኳ አያጠያይቅም። አራት ዓመት ሙሉ ወር በወር ስቀልብዎት ኖሬያለሁ።

አላውቅህም እንዳይሉኝ። በ2017 ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ አንድ መኪና መሸጫ ቢሮ ከባለቤቴ ጋር የተቀመጥኩት ሰውዬ ነኝ። (ዓመቱ የፈረንጅ ነው። እርስዎም ፈረንጅ ነዎት፣ በዚያው ይያዝልኝ።) ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰው ያለን መስሎኝ ነበር። ለካ አራት ነበርን። እርስዎ፣ አበዳሪው ለሻጩ በስውር የሚከፍሉት ድርሻ፣ ስምዎን ሳይናገሩ በሻጩ ኮምፒውተርና በእኔ ፊርማ መካከል ዘና ብለው ተቀምጠዋል።

የዕለቱን ነገር ላስታውስዎ። መኪናዋ ያገለገለች ብርማ ቶዮታ ናት። ብድሩ 8,000 ፓውንድ፣ በ48 ወር የሚከፈል። ሻጩ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለና "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ተፈቅዶላችኋል!" አለን። ወለዱ 9.9 በመቶ፣ የወር ክፍያው 201 ፓውንድ።

ባለቤቴ በአማርኛ "ወለዱ አልበዛም?" አለችኝ።

"ዝም በይ፣ ሰውዬው ቅር እንዳይለው" አልኳት።

ምን ላድርግ? በሰው አገር አበዳሪ ሲያምነኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ማትሪክ ያለፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ሻጩም ስለ እኔ ተሟግቶ ያስፈቀደልኝ መሰለኝ። ስለዚህ በሳምንቱ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ኮባ ስለሌለ በፎይል ነው የተጋገረው፣ ግን ጥቁር አዝሙዱ አልጎደለም። ወስጄ "ስለ ውለታህ" ብዬ ሰጠሁት። ትንሽ ደንገጥ ብሎ ተቀበለኝ። ያኔ በባህላችን የተገረመ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በአንድ መኪና ከአበዳሪው አንዴ፣ ከገዢው ቤት ምድጃ ደግሞ አንዴ የበላ ሻጭ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የእርስዎን አሠራር የሰማሁት ቆይቶ ነው። አበዳሪው ሻጩን "ወለዱን ከዚህ እስከዚህ አንተው ወስን። ከፍ ባደረግኸው ቁጥር ድርሻህ ከፍ ይላል" ይለው ነበር። ሰውዬው እንግዲህ ስክሪኑን አዙሮ ሲጽፍ የነበረው የእኔን ጉዳይ ሳይሆን የራሱን ደመወዝ ነው። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ኤፍሲኤ በ2019 አስልቶት፣ በ10,000 ፓውንድ ብድር ላይ በአራት ዓመት ወደ 1,100 ፓውንድ የሚጠጋ ተጨማሪ ወለድ ሊያስከፍል እንደሚችል ተናግሯል። ከዚያ በ2021 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ይህን ዓይነቱን ኮሚሽን ከለከለ። ለቅሶ ስላልደረስኩዎት ይቅርታ። መኖርዎንም ስላላወቅሁ ነው።

አቶ ኮሚሽን፣ እኔ ለወገኖችዎ ባዕድ አይደለሁም። አዲስ አበባ አድጌያለሁ። ደላላ አውቃለሁ። የአዲስ አበባ ደላላ ስልኩን በሁለት ጆሮው ይዞ፣ መኪናዋን እሱ የወለዳት ይመስል ያሞግሳታል። ግን ኮሚሽኑን ፊት ለፊት ይጠይቃል። "ሁለት ፐርሰንት" ይላል። "አንድ ይበቃሃል" ትለዋለህ። ይምላል፣ ይቆጣል፣ ሄደ ስትል ይመለሳል። ገንዘቡን ሲቀበል ዓይንህን እያየ ነው። ቢያንስ ማንን እንደምትረግም ታውቃለህ! እርስዎ ግን ሱፍ ለብሰው፣ ድምፅዎን አጥፍተው፣ ከወለዱ ሥር ገብተው ተኙ። ባለቤቴን አንድ ቀን "ደላላ አለበት" ብለዋት ቢሆን ኖሮ፣ ግማሽ ቀን ተከራክራ ወደ 200 ፓውንድ ታወርድዎት ነበር። ያን ክርክር ነው የነጠቁን። ገንዘቡ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆጨኝ።

አድራሻዎን ያገኘሁት እንዲህ ነው። አበዳሪውን "ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ላኩልኝ" ብዬ ጻፍኩ። እዚህ አገር ይህን መጠየቅ መብት ነው፣ ነፃም ነው። ወፍራም ፋይል መጣ። ገጽ 23 ላይ፣ ከታች፣ አንድ መስመር ይዘው ተቀምጠዋል፦ 640 ፓውንድ። ከከፈልኩት ወለድ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ባለቤቴ አየችውና ምንም አላለችም። ዝምታዋ ከወለዱ በላይ ነው።

ጉዳይዎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረሱን ሰምተው ይሆናል። ኦገስት 1 ቀን 2025 ውሳኔ ተሰጠ። ዳኞቹ መኪና ሻጭ ለራሱ የሚነግድ ሰው ነው፣ ለገዢው የታማኝነት ግዴታ የለበትም አሉ። ባለቤቴ እዚህ ላይ ያለ ጠበቃ፣ በ2017 ደርሳ ነበር። ሆኖም ከዌልስ የመጣ አንድ ሱዙኪ ገዢ አሸነፈ። በእሱ ውል ላይ እርስዎ ከ1,650 ፓውንድ በላይ ነበሩ። ለብድሩ ከሚከፍለው ወለድና ክፍያ 55 በመቶው! ዳኞቹ ከአበዳሪው ጋር ያለው ግንኙነት ፍትሐዊ አይደለም ብለው ገንዘቡ ከነወለዱ እንዲመለስለት ወሰኑ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኤፍሲኤ የካሳ ዕቅዱን በረቂቅ አወጣ። ከ2007 እስከ 2024 የተፈረሙ ወደ 14 ሚሊዮን ውሎች፣ ለእያንዳንዱ በአማካይ ወደ 700 ፓውንድ። አሥራ አራት ሚሊዮን! እኔ ብቻ ሞኝ መስሎኝ ስንት ዓመት አፈርኩ። ዳቦ ይዞ የሄደው ግን አሁንም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ዘመዶችዎን ደግሞ አንድ ይበሉልኝ። ካሳ የሚባል ነገር ከተሰማ ወዲህ፣ በክፍያ ካሳ እናስመልሳለን ከሚሉ ድርጅቶች ስልኬ እረፍት የለውም። "ጌታዬ፣ መኪና በፋይናንስ ገዝተው ያውቃሉ? እኛ እናስመልስልዎታለን።" ተቆጣጣሪው ራሱ በእነሱ በኩል ከሄድክ ከሚመለስልህ ላይ ከ30 በመቶ በላይ ልታጣ ትችላለህ እያለ ያስጠነቅቃል። አያቶቻችን ለባላባት ሲሶ ይገብሩ ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ተሻግሬ፣ የራሴን ገንዘብ ለማስመለስ ሲሶ ልገብር? ቅሬታውን ለአበዳሪው ራሴ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ናት። መልሱ ካላረካኝ ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው እሄዳለሁ፤ እሱም አያስከፍልም። ትናንት የደወለችውን ልጅ "እኔ ራሴ ጨርሻለሁ" ስላት፣ "ታዲያ አደጋስ ደርሶብዎት ያውቃል?" አለችኝ። "አዎ፣ በ2017 አንድ ቢሮ ውስጥ" አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ስለዚህ አቶ ኮሚሽን፣ 640 ፓውንዱን ከነወለዱ ይላኩ። ወለዱን ሲያሰሉ ስክሪኑን ወደ እኔ ያዙሩት። የድፎውን በገንዘብ አልቀበልም። ጋግራችሁ አምጡ።

ከማይሆን ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሻጩ (ዳቦው ጣፍጦት እንደሆነ እንዲያሳውቀን)
ለባለቤቴ (በ2017 ላነሳችው ጥያቄ የተሰጠ መልስ፦ አዎ፣ በዝቶ ነበር)