ድንኳኑ በዚያው ምሽት አይፍረስ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉ ባልና ሚስት አርቲስቶች 3,100 ግዙፍ ጃንጥላዎችን በሁለት አገሮች ሜዳና ኮረብታ ላይ ዘረጉ። 1,340ዎቹ ሰማያዊ ሆነው በጃፓን ኢባራኪ፣ 1,760ዎቹ ቢጫ ሆነው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተተከሉ። እያንዳንዱ ጃንጥላ 6 ሜትር ቁመትና 200 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነበረው። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ካሊፎርኒያ ውስጥ ብርቱ ነፋስ አንዱን ነቅሎ አንዲት ጎብኚ ገደለ። አርቲስቶቹ በሁለቱም አገሮች ያለው ሁሉ ወዲያው እንዲዘጋ አዘዙ። ከቀናት በኋላ ጃፓን ውስጥ ጃንጥላዎቹ ሲነሡ ደግሞ የክሬኑ ክንድ ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ጋር ተነካካና አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሞተ።

ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ሞት ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ጎብኚ ከሄደ፣ ካሜራ ከተነሣ በኋላ የሚሠራ ሥራ ላይ የደረሰ ነውና።

የሜዳ ላይ ኤግዚቢሽን ሲተከል ቢያንስ የሚቆጣጠረው አለ። ንድፍ ይወጣል፣ መሐንዲስ ይፈርማል፣ ከመክፈቻው በፊት ፍተሻ ይደረጋል፤ አዘጋጁም እንግዳ ፊት እንዳያፍር በየሰዓቱ ይመላለሳል። በመዝጊያው ምሽት ሲፈርስ ግን አዘጋጁ ደክሞት ቤቱ ገብቷል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ድርጅት የራሱ መኪና ቀድሞ እንዲገባለት ይጣደፋል። ዕቃ የሚያነሣው ፎርክሊፍት ገና ወጥተው ባላለቁ ጎብኚዎች መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። መብራት የዘረጋው ድርጅትም እንደ ሌላው ሁሉ መሄድ ስለሚፈልግ አምፖሎቹን ቀድሞ ይነቅላል፤ የቀረው ሰው በስልክ መብራት ብሎን ይፈታል። ይህን የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ በእግሩ የቆመ ሰው ነው።

ማፍረስ የመትከል ግልባጭ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም ያሳስታል። ሲተከል መዋቅሩ ማሰሪያ በተጨመረለት ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። ሲፈርስ በተፈታው ማሰሪያ ልክ እየደከመ ይሄዳል፤ የትኛው ምሰሶ በየትኛው ገመድ እንደቆመ የሚያውቀው ደግሞ የተከለው ሰው ነው። ያ ሰው ያን ምሽት ሌላ ሜዳ ላይ ሌላ ድንኳን እየተከለ ሊሆን ይችላል።

ነፋስን እንውሰድ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ሸራን በ6 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ 25 ኪሎ ግራም ይሆናል። 3 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ቁመት ያለው ተራ የድንኳን ግድግዳ እንግዲህ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል ማለት ነው። ይህን ስሌት ያየ ሰው ድንኳኑን ከመሬት የያዙትን የኮንክሪት ክብደቶች መጨረሻ ላይ ያነሣቸዋል፤ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ የጣሪያውን ሸራ ያወርዳል። በጥድፊያ ምሽት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ክብደቶቹ ለመኪናው መንገድ ስለሚዘጉ ቀድመው ይጫናሉ፤ ሸራው አሁንም ላይ ነው።

ዝናብ ከጣለ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ነው። ጣሪያው ጎድጉዶ በ4 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ካቆረ፣ ከሥሩ ያለው ሠራተኛ 200 ኪሎ ግራም ከራሱ በላይ ተሰቅሎበታል። በዱላ ከታች ገፋ አድርጎ ማፍሰስ የተለመደ ነገር ነው፤ መለመዱ ግን ደኅና አያደርገውም።

በኤሌክትሪክ በኩል መድኃኒቱ የታወቀ ስለሆነ አላበዛም። ከመስመሩ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ኃይሉን የሚያቋርጥ መከላከያ በየጄኔሬተሩ መስመር ላይ ይገጠም፤ ገመድ ከመጠቅለሉ በፊት ኃይል መቋረጡን አንድ ኃላፊ ያረጋግጥ። ከላይ የሚያልፍ መስመር ካለም የአሜሪካ ደንብ እስከ 50 ሺህ ቮልት ድረስ ክሬን ቢያንስ 3 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። መስመሩ ከዚያ በላይ ኃይል ካለው ርቀቱም ይጨምራል።

መትከሉ አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 2012 ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ የሜዳ ኮንሰርት መድረክ ጣሪያ በሮቹ ሊከፈቱ ጥቂት ሲቀራቸው ተደርምሶ አንድ የከበሮ ቴክኒሻን ገደለ፣ ሦስት ሰዎች አቆሰለ። ክሱ ፍርድ ቤት ተንከባሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ከመጠን በላይ ዘግይቷል በሚል ተቋረጠ። የመክፈቻ ሰዓት አንድ ደቂቃ እንዳያልፍ ስንት ሰው ይራወጣል፤ ለተጠያቂነቱ ሲሆን ግን ዓመታትም አይበቁም።

ሕግ አውጪዎች መንገዱን አሳይተዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የግንባታ ደኅንነት ደንቧን ለኤግዚቢሽንና ለመድረክ ተከላም ሆነ ለማፍረሱ እኩል ታስፈጽማለች። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ለሦስት ቀን የቆመ መዋቅር ሠራተኛ ላይ ሲወድቅ ለሠላሳ ዓመት ከቆመው አይቀልም። ድንኳን ጣይ ግንበኛ ከሚያገኘው ጥበቃ ያነሰ የሚያገኝበት ምክንያት የለም፤ የራስ ቆብም ሆነ የከፍታ ማሰሪያ ቀበቶ ሥራው ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚወስድ አይቀርም።

አዘጋጆች መልስ አላቸው፤ መልሱም ከንቱ አይደለም። ሜዳው በቀን ይከራያል፣ ዕቃው ካደረ ጥበቃ ይፈልጋል፣ መኪናውም ነገ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። እንዲህ ቢሆንስ፦ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሁሉ ያን ምሽት ይውጣ፤ ምሰሶ፣ ጣሪያና መድረክ ግን እስኪነጋ አይነኩ። ለአንድ ሌሊት ሁለት ሦስት ጥበቃ መቅጠር እንደ ትልቅ ወጪ መቆጠሩ ይገርመኛል፤ ለመክፈቻው የአበባ ማስጌጫ ማንም ሳይከራከር ይከፍላልና።

ችግሩ ያለው ጨረታው ላይ ነው። ተቋራጮች በዋጋ ሲፎካከሩ የማፍረሻውን ቀን የሰረዘው ርካሽ ሆኖ ይታያል፣ ያሸንፋልም። ጠንቃቃው ተሸንፎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱም ቀኑን ይሰርዛል። ስለዚህ ቀኑን መወሰን ያለበት ተቋራጩ ሳይሆን አዘጋጁ ነው። የማፍረሻ ሰዓት፣ የመብራት ኃላፊነት፣ ሥራው የሚቆምበት የነፋስ ፍጥነት ጨረታው ላይ በቁጥር ከተጻፉ ማንም እነሱን ቆርጦ አያተርፍም።

ሥራ አቁሙ የሚለውም ሰው በስሙ ይታወቅ። የነፋስ መለኪያው በእሱ እጅ ይሁን፤ የሽያጭ ኃላፊው አይዘዘው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1981 ስምምነት ቁጥር 155 ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ሥራውን የተወ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ስምምነት ከመሠረታዊዎቹ ተራ አስገብቶታል። ለአንድ ምሽት የተቀጠረ የቀን ሠራተኛ ግን በዚህ መብት ሲጠቀም አይታይም፤ እምቢ ካለ ነገ አይጠራም።

ለዚህም የክፍያው ዓይነት ወሳኝ ነው። በቁርጥ የሚከፈለው ሰው ቶሎ በጨረሰ ቁጥር ያተርፋል፤ ነፋሱ እስኪበርድ የጠበቀባት አንዲት ሰዓት ከራሱ ኪስ ትወጣለች። ሠራተኛው በሰዓት ይከፈለው፤ ነፋስና መብረቅ ያስቆሙት ጊዜም ይቆጠርለት። ይህ ውሉ ውስጥ ከሌለ የደኅንነት ኃላፊው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ሜዳው ላይ ቢቆምም «አቁሙ» ያለውን ቃል የሚሰማው አያገኝም።