ኢንጂነር፣ እስቲ ቡናውን ድገሚን

አሁን ከነአባዬ ቤት መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ይሄን ነገር ሳልጽፈው ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የማሙሽ ጉዳይ ነው። ታውቁታላችሁ። በ2017ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመቶ 8.4 ብቻ ሲያልፉ ከእነሱ አንዱ የኛ ልጅ ነው። ሦስት ቀን እልልታ ነበር። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ቤታችን ፓርላማ ሆነ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይቅደም ወይስ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ? ልብ በሉ፣ የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተና ገና አልተፈተነም! ምዝገባ ላይ ነን። ቤተሰቡ ግን ስለ ፍራሽና ብርድ ልብስ እየተከራከረ ነው።

እማማ "ቂሊንጦ ሊገባ ነው" ሲሏት ደረቷን መታች። "ምን አጥፍቶ?" እስር ቤቱ መስሏት ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያለው ቂሊንጦ ነው ብለን አስረዳናት። "እና ከእስረኛ ጋር ነው የሚማረው?" ብላ መቁጠሪያዋን አነሳች። በሷ አልፈርድም።

እማዬ ደግሞ አዳማ ሩቅ ነው ባይ ናት። እኛ አስኮ ነን! ከአስኮ ቂሊንጦ ማለት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሰንጠቅ ነው። ሰልፍ፣ ታክሲ፣ ሰልፍ፣ ታክሲ፣ እንደገና ሰልፍ። እዚያው አጠገብ ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል። 80 ምናምን ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ነው። ለነገሩ ልጁ የሚያድረው ዶርም ነው፣ ምን አገባን?

አባዬ ክርክሩ አጭር ነው። "ዲግሪው ላይ አዲስ አበባ የሚል ቃል አለበት።" በቃ። ይሄው ነው።

ዛሬ የመጨረሻው ጉባኤ ተጠራ። ጋሼም መጣ። ጋሼ መርካቶ ብረት ይሸጣል። ብረት ስለሚሸጥ በቤተሰባችን የኢንጂነሪንግ ጥያቄ የሚቀርበው ለሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ኢንጂነሪንግ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እና የት ነበርኩ? ረከቦቱ ጋ። ጀበና ይዤ።

መናገር አልነበረብኝም። ተናገርኩ። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው የሚማረው። ዲፓርትመንት የሚደርሰው በውጤቱ ነው። ስለዚህ የሚፈልገው ትምህርት የት አለ ብለን እንጀምር። ኤሌክትሮመካኒካል ከሆነ ቂሊንጦ ነው። ማቴሪያል ሳይንስ ከሆነ አዳማ ነው። ኢንተርንሺፕም ሲመጣ በዚያ በኩል ሞጆና ወንጂ፣ በዚህ በኩል አቃቂ..."

ጋሼ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣

"አንቺ ምን ነበር የተማርሽው?"

የምረቃ ኬኬን የቆረሰ ሰውዬ ነው!

"ሲቪል።"

"እና አሁን ምን ትሠሪያለሽ?"

"ያው... ቢዝነስ።"

"የምን ቢዝነስ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማል።

"ጫማ። በቴሌግራም።"

ወደ ማሙሽ ዞረ። "ሰማህ?" አለው። ይሄ አልበቃውም። "እነሱ እኮ መውጫ ፈተና ሳይጀመር ሾልከው ያመለጡ ናቸው።" ሳቅ በሳቅ። አባዬም ሳቀ። አባዬ! ከዚያ ሲኒውን ዘረጋልኝ።

"ኢንጂነር፣ እስቲ ቡናውን ድገሚን።"

ቀዳሁለት። እሱ ካለኝ ይልቅ መቅዳቴ ነው ያቃጠለኝ። ሁለት ስኳር ጨምሬ!

መልሱ ሁሉ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ጋሼ፣ ያቺ ያለ መሐንዲስ ያሠራሃት ፎቅ በረንዳዋ ሲሰነጠቅ ማንን ነው የጠራኸው? በፋሲካ ቀን፣ በሐበሻ ቀሚስ፣ መሰላል ላይ ያወጣኸው ማንን ነው? በነጻ! ያን ቀን ጫማ ሻጭ አልነበርኩም። "የኛ ኢንጂነር" ነበርኩ።

በ2013 ስመረቅ ሲሚንቶ እንደ ወርቅ ነበር። ሳይቱ ሁሉ ቆመ። ማስታወቂያው "ዜሮ ዓመት ልምድ" ይላል፣ ስትሄድ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ታገኘዋለህ። አንዱ ኮንትራክተር ሲቪዬን ገልጦ ሳያይ "ሳይቱ ክልል ነው እህቴ፣ ወንድ ነው የምንፈልገው" አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ለምን አልጻፍከውም? የታክሲዬን ማን ይከፍለኛል? ይሄን ሁሉ ለጋሼ ማን ያስረዳው። እሱ የሚያውቀው ጫማዋን ነው።

ማሙሽ እስከ ታክሲ ሸኘኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም እንዳልጠየቀው ያኔ ትዝ አለኝ።

"አንተስ ምንድነው የምትፈልገው?"

"ሶፍትዌር።"

"ሁለቱም ጋ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ጓደኛዬ አዳማ አስቀድሞ ሞልቷል።"

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እኔስ በምን ነበር የመረጥኩት? ትንሽ ቆይቶ "አዳማ ነፋስ አለው የሚሉት እውነት ነው?" አለኝ። ያንን ሁሉ የነፋስ ተርባይን ለጌጥ የተከሉት መሰለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። ሞልቶታል መሰለኝ፣ ፊቱ ያስታውቃል።

አባዬ ገና አልሰማም። ሲሰማ ጋሼን ይጠራል። ጋሼ ሲመጣ ቡና ይፈላል። ማን እንደሚቀዳ ታውቃላችሁ።

ደግሞ ያ ጥቁሩን 38 ቁጥር የጠየቃችሁኝ፣ አለ። ነገ ከሰዓት መገናኛ ይዤ እመጣለሁ። ዋጋ አታስቀንሱኝ፣ ዛሬ አቅም የለኝም።