እርማት፦ ሪዳይሬክት ዳታ ተሸክሞ አይሻገርም
ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሆናችሁ በኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ (የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ መሥሪያ) የምትሠሩ ጀማሪ ፕሮግራመሮች፣ «ሪዳይሬክት ቱ አክሽን ሌላውን ኮንትሮለር እዚያው ሰርቨር ላይ ይጠራል፤ ቪውባግ ውስጥ ያለውም አብሮ ይሻገራል» ስትባባሉ አያለሁ። (ሪዳይሬክት ቱ አክሽን ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ ትእዛዝ ነው፤ ኮንትሮለር ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግድ የኮድ ክፍል፣ ቪውባግ ደግሞ ለገጹ ዳታ የሚያቀብል ጊዜያዊ መያዣ።) በአክብሮት ላርመው፤ እንዲያ አይደለም።

በዚህ ትእዛዝ ሰርቨሩ የሚመልሰው 302 የሚል ኮድ («ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» ማለት ነው) እና አዲሱን አድራሻ ነው። ወደዚያ የሚሄደው ብራውዘሩ ነው፣ በአዲስ የጌት («ገጹን ስጠኝ» የሚል) ጥያቄ። የቀበሌ ሠራተኛ «ቁጥር 4 ሂድ» ሲለው ባለጉዳዩ ራሱ በእግሩ እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ወረቀቱን መጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ከተወው ባዶ እጁን ይደርሳል።

ጣጣው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ በቆሎ ለሚረከብ ማኅበር በሠራሁት ሲስተም «ተመዝግቧል» የሚለው መልእክት በዚሁ ምክንያት ስለጠፋ፣ መዝጋቢዋ ያንኑ ኩንታል ሁለቴ አስገባች። የገበሬ ሒሳብ ነው የተዛባው!

ለማረጋገጥ ኤፍ 12 ተጫኑ፣ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቱና ፎርሙን ላኩ፤ መጀመሪያ 302፣ ቀጥሎ 200 («ተሳክቷል» የሚለው ኮድ) ይመጣል። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለአጭር መልእክት ቴምፕዳታ (ዳታን እስከ ቀጣዩ ጥያቄ የሚያቆይ መያዣ) ይበቃል። መዝገብ ከሆነ ግን መለያ ቁጥሩን ብቻ በአድራሻው ላኩ፤ ሁለተኛው ኮንትሮለር ከዳታቤዙ ራሱ ያንብብ።